የሰው ትዝታ

እትዬን ያወቅኳቸው ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት ክረምት ነው፤ ሀዋሳ ውስጥ አንድ ክፍል እንማር ነበር። እኔ ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በጋውን ራቅ ባለ ወረዳ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ዲፕሎማዬን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ እመጣና እናትና አባቴ ቤት አርፌ እማራለሁ። እሳቸው ሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ዓመት ሲቀራቸው ዲግሪ መማራቸው ለብዙዎቻችን አልገባንም። ቱላ አካባቢ ሠላሳ ዓመት ያህል አስተምረዋል። ሲዳማ ናቸው። አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው። እንግሊዝኛቸው የአንደኛ ደረጃ መምህር እንግሊዝኛ ነው፤ ቀስ ያለ፣ እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ታጥቦ የተሰጣ የሚመስል። ክፍሉ በሙሉ «እትዬ» ነበር የሚላቸው።

ሁልጊዜ ከፊት ወንበር የሚቀመጡት ለትምህርቱ ካላቸው ጉጉት የተነሳ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ፎቶኮፒውን አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው ሲያነብቡ አየኋቸው። እንዳየኋቸው ሲያውቁ ወረቀቱን አጠፉት።

«የዓይን ግፊት ነው። ሐኪሙ ግላኮማ ብሎኛል» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከጎን ያለው ጠፍቶብኛል። የማየው ፊት ለፊቴን ብቻ ነው፤ እሱም እንደ ቁልፍ ቀዳዳ እየጠበበ ነው። ለማንም እንዳትነግሪ። ዓይኗ ጠፍቷል ብለው ያለጊዜዬ እንዳያሰናብቱኝ።»

ለማንም አልተናገርኩም። ያን ምስጢራቸውን ጠብቄላቸዋለሁ።

መምህራችን ከኔ በሦስት ዓመት ያህል የሚያንስ ልጅ ነበር። ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ በቅርቡ የመጣ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ትሑት ልጅ። አንድ ሰኞ ጠዋት የደበዘዘ ፎቶኮፒ አደለንና «የሮማንቲክ ዘመን ግጥም ነው» አለ። ከኋላ ያሉት ወንዶች ተሳሳቁ፤ የፍቅር ግጥም መስሏቸው። እሱም ፈገግ ብሎ፣ ዘመኑ እንዲህ የተባለው በወንድና በሴት ፍቅር ሳይሆን ገጣሚዎቹ ተፈጥሮንና የሰውን ውስጣዊ ስሜት ከሁሉ ስላስበለጡ እንደሆነ አስረዳን። ግጥሙ የአንድ ሰው ንግግር ነው። ሰውየው ድሮ የሚያውቀውን ሸለቆ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ያየዋል። ኮረብታው እዚያው ነው፤ ወንዙም እዚያው ነው። የተለወጠው እሱ ነው። ልጅ ሳለ ደጅ በወጣ ቁጥር ይሰማው የነበረ ደስታ ዛሬ የለም፤ በምትኩ ረጋ ያለ ማስተዋል አግኝቷል። ከተማ ውስጥ ሆድ ሲብሰው ያንን ቦታ እያሰበ ይጽናና እንደነበርም ይናገራል። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሦስት ቃላት ጻፈ፤ ተፈጥሮ፣ ትዝታ፣ ዕድሜ።

እትዬ እጃቸውን አወጡ።

«መምህር፣ ገጣሚው ይህን ሲጽፍ ስንት ዓመቱ ነበር?»

«ሠላሳ አልሞላውም።»

«ታዲያ ያረጀው መቼ ነው?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህሩም ሳቀ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር የጠየቁት፤ መልስ እየጠበቁ ቆመው ቆዩና «እሺ፣ ልጅም ቢሆን ያስብ» ብለው ተቀመጡ።

ጥንድ ጥንድ ሆነን ግጥሙን እንድናጠናና በመጨረሻው ሳምንት ክፍል ውስጥ እንድናቀርብ ታዘዝን። አጠገባቸው ስለተቀመጥኩ ድርሻዬ እሳቸው ሆኑ። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው፤ ያኔ ፈጣን ተማሪ አብሮኝ ቢሆን ነበር የምመርጠው። ቤት ገብቼ ግጥሙን በሙሉ አንድ ደብተር ላይ በትልልቅ ፊደል፣ በጥቁር እስክሪብቶ፣ ሁለት ሁለት መስመር እየዘለልኩ ገለበጥኩላቸው። በማግስቱ ስሰጣቸው ደብተሩን ገለጡት። ጣታቸውን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አድርገው፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ፣ እስከ መስመሩ መጨረሻ ወሰዱት።

«አነበብኩት» አሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ከትምህርት ስንወጣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን አነብላቸው ጀመር። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲበረታ ቆም እላለሁ፤ ሲያባራ እቀጥላለሁ። አንድ ቀን በዚህ ዕድሜያቸው ለምን እንደሚማሩ ጠየቅኳቸው።

«ሠላሳ ዓመት ‹ኤ ፎር አፕል› እያልኩ ኖርኩ» አሉኝ። «እኔ በርሜል ሙሉ ውኃ ደጅ እያለ በጣቴ ጫፍ ስቀምስ የኖርኩ ነው የሚመስለኝ። ይኼ እንግሊዝኛ የሚባል ነገር ውስጡ ምን እንዳለ ሳላይ ልሙት?»

ዝናቡ ሲያቆም ወደ መናኸሪያ አብረን በእግር እንሄዳለን። የቱላ ሚኒባስ መንገድ ላይ ከተጠበቀ ሞልቶ ነው የሚያልፈው፤ ወንበር ለማግኘት መነሻው ድረስ መሄድ ነበረባቸው። የኛም ቤት ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ፣ መጀመሪያ በጉልት፣ ኋላ በሱቅ የኖረ ነጋዴ ነው። ስንሄድ ክንዳቸውን እይዛለሁ፤ ባጃጅ ከጎን ሲመጣ ስለማያዩት። ለሰው ግን እሳቸው እኔን የሚደግፉኝ እንዲመስል አድርገው ነበር የሚራመዱት።

በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ የጎማ ጥገናው ቤት ጋ ስንደርስ ቆሙ።

«የት ነው ያለነው?»

«ከመናኸሪያው ጀርባ ነን። ሁለት ቅያስ አልፈን የአባቴ ሱቅ ነው።»

«ታቦር በየት በኩል ነው?»

አሳየኋቸው። ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው ጥቂት ካሰቡ በኋላ ወደ ግራ ዞሩ፤ ከዚያ እንደገና ትንሽ ወደ ቀኝ። ሰው የራሱ ቤት ውስጥ በጨለማ መብራት ማብሪያ ሲፈልግ እንደሚያደርገው።

«ይኼ የኛ ሜዳ ነበር» አሉ። «የአባቴ ከብቶች የሚውሉበት። እዚህ ሆኖ ሐይቁ ይታይ ነበር።»

ፊት ለፊታችን ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ነበር፤ ከሱ ኋላ ሌላ ሕንፃ። ሐይቁ በዚያ በኩል መሆኑን አውቃለሁ፤ ከዚያ ቦታ ይታይ ነበር ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የተወለድኩት እዚያው ሰፈር ነው። ሀዋሳ ገና ያልተቆረቆረችበት ጊዜ በሕይወት ባለ ሰው ዕድሜ ውስጥ መሆኑን በትምህርት አውቀዋለሁ፤ ያን ሰው ክንዱን ይዤ ስቆም ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

እዚያው ቆመን ነገሩኝ። እናታቸው ከሰዓት በኋላ ሜዳው ዳር ተቀምጠው ወተት ይንጣሉ። የሐይቁ ነፋስ ሲመጣ ሣሩ በአንድ ወገን ይተኛል፤ እሳቸውም ከሣሩ ጋር አብረው ይተኛሉ፤ ነፋሱ ሲያልፍ ይነሳሉ፤ ይህ ጨዋታቸው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ሰዎች ችካልና ገመድ ይዘው መጡ።

«እኛ ልጆቹ ለጨዋታ የመጡልን መሰለን። ገመዱን በወጠሩት ቁጥር እየዘለልን ዋልን። አንደኛው ሰውዬ ደግ ነበር፤ ከፍ ዝቅ እያደረገ ያዘልለን ነበር። እናቴ ከሩቅ ቆማ ታየናለች። ለምን እንደማትስቅ አልገባኝም።»

ከዚያ ቤተሰቡ ሜዳውን ለቆ ወደ ቱላ ሄደ። እናታቸው እስከሚሞቱ ድረስ አዲሱ ቤት ደጃፍ ላይ ሲቀመጡ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አቅጣጫ አዙረው ነበር አሉ፤ ከዚያ ሐይቁ የማይታይ ቢሆንም።

«ሜዳው ላይ አንድ ትልቅ ሾላ ነበር» አሉኝ ቀጥለው። «ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም። ወደዚያ በኩል ይመስለኛል።»

በጣታቸው ያመለከቱት ወደ አባቴ ግቢ ነበር። ሾላውን አውቀዋለሁ። ከሱቁ ጀርባ የነበረ ነው። ሰባት ዓመቴ ሳለ አባቴ የሚከራዩ ሰርቪስ ክፍሎች ሊሠራ ሲል አስቆረጠው። ዝም ልላቸው እችል ነበር።

«እትዬ» አልኩ፣ «ያንን ሾላ ያስቆረጠው አባቴ ነው።»

ፊታቸው ላይ ምንም አላየሁም። ሚኒባሶቹ ይጮኻሉ፤ ረዳቶቹ «ቱላ! ቱላ!» ይላሉ።

«ስንት ቀን ፈጀባችሁ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«አራት ቀን። ሁለት መጥረቢያ ተሰብሯል፤ አባቴ እስከ ዛሬ ያወራዋል።»

«አራት ቀን!» አሉና ፈገግ አሉ። «ጎበዝ።»

ዛፉን ነበር ጎበዝ ያሉት።

እንደገና መሄድ ጀመርን። መናኸሪያው በር ጋ ሳንደርስ ግን ክንዴን ሳብ አደረጉኝ።

«የግጥሙ ሰውዬ ታድሏል» አሉ። «ሲመለስ ኮረብታው ጠበቀው። ‹አዎ፣ ያኔ እዚህ ነበርክ› የሚለው አገኘ። ስለዚህ አረጀሁ ሲል እንኳ የሚያዝነው ለራሱ ብቻ ነው። እኔ ስመለስ ቦታው ራሱ የለም። ሐይቅ ይታይ ነበር ብል አንቺ እንኳ ተጠራጠርሽ፤ ፊትሽን አይቼዋለሁ። የሚመሰክሩልኝ ሁለቱ ተራሮች፣ ታቦርና አላሙራ ናቸው። ዓይኔ ሲጠፋ እነሱም ይሄዳሉ። ማርጀት ለሱ ደስታን በማስተዋል መለወጥ ነው፤ ለኔ ምስክር ማጣት ነው። እኔ ክፍል ውስጥ የማቀርበው ይህን ነው። አንቺ የግጥሙን አሠራር ተናገሪ፤ ስንኙን፣ ቃላቱን። እኔ ይህን እናገራለሁ።»

«እሺ» አልኳቸው። በዚህ ተስማማን።

ልናቀርብ ሁለት ቀን ሲቀረን በጠዋት ደወሉልኝ። ድምፃቸው ጎርንኗል።

«ወንድሜ አረፈ። ለመምህሩ ንገሪልኝ፤ አንቺ የራስሽን አቅርቢ።»

ነገርኩት። «እሳቸው የሚመጣው ክረምት ያቀርባሉ፤ አንቺ ለብቻሽ ትታረሚያለሽ» አለኝ።

በማቅረቢያው ቀን ተነሥቼ ስለ ስንኙና ስለ ቃላት አመራረጡ ተናገርኩ። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ከኋላ ሰው ያዛጋል። መምህሩ ሰዓቱን አየ፤ ከኔ በፊት ያቀረቡት ሁሉ ከኔ የተሻለ ተናግረው ነበር። ወረቀቴ አልቋል። መቀመጥ ነበረብኝ።

«እኔ ሳስበው» አልኩ በእንግሊዝኛ።

ያቺ «እኔ» ከአፌ ስትወጣ ሰምቻታለሁ። ወደ ኋላ ልመልሳት ጊዜ ነበረኝ። ሆኖም ቀጠልኩ። ገጣሚው የታደለ መሆኑን፣ ኮረብታው እንደመሰከረለት፣ ከተማ የተሠራበት ሜዳ ላይ ያደገ ሰው ግን ተመልሶ የሚሄድበት እንደሌለው፣ ማርጀት ምስክር ማጣት መሆኑን ተናገርኩ። ገመዱንና ችካሉን ሳይቀር አነሳሁ፤ ‹አንዲት የማውቃት ሕፃን› ብዬ። የሚያዛጋው ሰው ቀና ብሎ አየኝ።

ስጨርስ መምህሩ ወደኔ ጠጋ አለ።

«ይህን ከመጽሐፍ ነው ያገኘሽው?»

«ከመጽሐፍ አይደለም» አልኩ። ይህ እውነት ነበር።

«የራስሽ ሐሳብ ነው?»

«አዎ።»

አንዲት ቃል ናት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ቆጠርኳት፤ ሁለት ፊደል ናት።

መምህሩ በክፍሉ ሁሉ ፊት አመሰገነኝ። ደስ አለኝ፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። በሕይወቴ እንደዚያ ተመስግኜ አላውቅም ነበር። ቤት እስክገባ እግሬ መሬት አልነካ ብሎኝ ነው የሄድኩት። አባቴ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ እየለካ ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ፊትሽ የበራው?» አለኝ።

«ዛሬ ያቀረብኩት ተወደደልኝ።»

«ስለ ምንድን ነው ያቀረብሽው?»

«ስለ አንድ ሜዳ» አልኩት። ኮርቶብኝ ለደንበኛው ነገረው።

ለቅሶ አልደረስኳቸውም። ቱላ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ግን ዛሬ ነገ እያልኩ ክረምቱ አለቀና ወደ ሥራ ቦታዬ ሄድኩ። ለቅሶ አለመድረስ በኛ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። መስከረም ላይ እሳቸው ራሳቸው ደወሉ፤ ለቅሶ ስላልደረስኩ አልወቀሱኝም።

«እንዴት ሆነልሽ?»

«ደህና ነበር እትዬ።»

«ምን ምን አልሽ?»

«ያው… ስለ ስንኙ፣ ስለ ቃላቱ።»

«ጎሽ። እኔ የኔን እያዘጋጀሁ ነው። ዓይኔ እንኳ ብሶበታል፤ ግን ለዚህ ወረቀት አያስፈልገኝም። በቃሌ ነው የምናገረው።»

ያን ጊዜ ብነግራቸው ይቆጡኝ ነበር፤ ይሰድቡኝም ይሆናል፤ ሌላ የሚሉትን ያዘጋጁ ነበር። አልነገርኳቸውም። ዓመት ሙሉ ጊዜ ነበረኝ።

በሚቀጥለው ክረምት ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው። ልጃቸው የኔ እኩያ ናት፤ ቱላ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ፊት ወንበር አስቀምጣቸው በር ላይ ቆመች። እኔ እንደ ወትሮው አጠገባቸው አልተቀመጥኩም፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ።

ስማቸው ሲጠራ ተነሡ። ጠረጴዛውን በእጃቸው ዳስሰው አገኙና ጫፉን ያዙ። በዚያ ቀስ ባለ እንግሊዝኛቸው ጀመሩ። ሣሩ ነፋስ ሲመጣ እንዴት እንደሚተኛ ተናገሩ። ስለ እናታቸው፣ ስለሚንጡት ወተት ድምፅ ተናገሩ። ይህን እኔ አላነሳሁትም ነበር። ከዚያ ግን ወደ ገጣሚው መጡ፤ ኮረብታው እንደ ጠበቀው፣ እንደ መሰከረለት። የመምህሩ ፊት ሲለወጥ አየሁት። እጁን ትንሽ ከፍ አደረገ፤ አላዩትም። እሳቸው ቀጥለው የችካሉና የገመዱ ታሪክ ላይ ሲደርሱ ሳል አለ።

«ይቅርታ እትዬ» አለ በአማርኛ፣ በትሕትና። «ላቋርጥዎት አልፈለግሁም። ይህ ሐሳብ ግን አምና እዚሁ ቀርቧል። ገመዱ ራሱ ሳይቀር። ከራስዎ የሆነ ነገር ቢጨምሩልን ጥሩ ነበር።»

ቆመው ቀሩ።

«ማን ነው ያቀረበው?»

«አብራዎት የነበረችው።»

ፊታቸውን ባለፈው ዓመት ወደምቀመጥበት ወንበር አዞሩ። እዚያ የተቀመጠው አንድ ከይርጋለም የመጣ መምህር ነበር፤ ተጨንቆ ወደ መሬት አየ። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆኜ የእስክሪብቶዬን ክዳን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ልነሣ አሰብኩ። አልተነሣሁም።

«እሷ ካለችው» አሉ እትዬ በመጨረሻ፣ «እኔ የምጨምረው የለኝም።»

ጠረጴዛውን ለቀቁት። ልጃቸው ከበር መጥታ እጃቸውን ያዘች። ሲወጡ በኔ በኩል አለፉ፤ የሻሻቸው ጫፍ ትከሻዬን ነካው። የት እንደተቀመጥኩ ማወቃቸውን አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት መምህሩ ቢሮ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ሲሰማ ቆይቶ መነጽሩን አወለቀ።

«ትናንት ለምን አልተናገርሽም?»

ዓይኔን ወደ ጠረጴዛው ጣልኩ።

«እኔ እኮ ‹ከራስዎ የሆነ ነገር› አልኳቸው» አለ። ለራሱ ነበር የሚናገረው። «በክፍሉ ሁሉ ፊት።»

ውጤታቸውን እንደሚያስተካክል፣ ይቅርታም እንደሚጠይቃቸው ነገረኝ። የኔ ውጤት አምና የተዘጋ ስለሆነ መንካት እንደማይችል፣ ቢችልም አሁን ምን ማድረግ እንዳለበት እንደማያውቅ ተናገረ። እንደገና «አንቺ» ብሎ በቅርበት አላነጋገረኝም። እትዬ ግን ወደዚያ ግቢ አልተመለሱም። ደብዳቤ ላከላቸው፤ ደወለላቸው፤ በልጃቸው በኩል ዓይናቸው ስለከፋ ትምህርቱን እንዳቋረጡ መልስ መጣለት። ጤናቸው እውነት ነበር። ሁሉም ሰው በዚያ ምክንያት ረካ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ብርቱካን ይዤ ቱላ ሄድኩ። ቤታቸውን ጠይቄ አገኘሁት፤ ከኋላው እንሰት፣ ከፊቱ የተጠረገ ደጅ ያለው የቆርቆሮ ቤት። ድምፄን ሲሰሙ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ዳኤ ቡሹ» አሉኝ። በሲዳምኛ፣ ለማንኛውም እንግዳ የሚባለውን።

«እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«መጀመሪያ ብይ።»

ቡርሳሜ፣ በቅቤ የታሸ ቆጮ፣ ቀረበልኝ። በላሁ፤ መብላቴን ጆሯቸውን ጥለው እያዳመጡ ነበር። እጄን ታጥቤ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ። ትከሻዬን ይዘው አስነሡኝ።

«ይቅር ብዬሻለሁ። ጌታም ይቅር ይበልሽ» አሉኝ። «ልንገርሽ፤ መጀመሪያ በጣም ተናድጄ ነበር። ሜዳው ሲሄድ ልጅ ነበርኩ፤ ገመድ እየዘለልኩ ነው የሄደው። አርጅቼ፣ በሰው ቋንቋም ቢሆን፣ ተነሥቼ ልናገረው ስል ደግሞ… ተይው። ውጤት አይደለም ያናደደኝ። ሌባ የተባልኩ መሰለኝ፤ በገዛ እናቴ ታሪክ።»

አለቀስኩ። ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ በዚያ ዓመት ስለ በቆሎው፣ ስለ ልጃቸው ሥራ አወሩኝ። ስሄድ እስከ በሩ ሸኙኝ።

ከዚያ ወዲህ ሀዋሳ በመጣሁ ቁጥር እጠይቃቸው ነበር። ሁልጊዜ በደግ ፊት ይቀበሉኛል። አንድ ጊዜ፣ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ድፍረት አግኝቼ ስለ ሜዳው ጠየቅኳቸው፤ ከብቶቹ ውኃ የሚጠጡት በየት በኩል እንደነበር።

«ረሳሁት ልጄ» አሉኝ።

«ሾላውስ? ሌሎች ዛፎች አጠገቡ ነበሩ?»

«እርጅና ነው። ሁሉም ጠፋብኝ።»

ሌላ ጊዜም ሞከርኩ፤ መልሱ ያው ነበር። አመንኳቸው። ዓይናቸው ሙሉ በሙሉ ሄዷል፤ ትዝታቸውም ተከትሎ ሄደ አልኩ። እንዲያውም ራሴን ወቀስኩ፤ ያን ቀን ክፍል ውስጥ ስናቋርጣቸው ትዝታቸውም እዚያው የተቋረጠ መሰለኝ። ዲግሪዬን ይዤ ሁለተኛ ደረጃ ማስተማር ጀምሬ ነበር። የሮማንቲክ ዘመን ግጥም በመጽሐፉ ውስጥ ሲመጣ ለተማሪዎቼ ስለ ተፈጥሮና ስለ ዕድሜ እነግራቸዋለሁ፤ ስለ ምስክር ግን አንስቼ አላውቅም። የኔ አይደለማ።

እትዬ ያረፉት ከዚያ ስድስት ዓመት ቆይተው ነው። በዚህኛው ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ መዘምራን ይዘምራሉ፤ ያስተማሯቸው ሰዎች፣ ፂማቸው የሸበተ ሳይቀር፣ በረድፍ ተቀምጠዋል። ከቀብር መልስ ልጃቸው አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ድካም ፊቷን ለውጦታል።

«የልጆቼ ኀዘን ነው የከበደኝ» አለችኝ። «ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እሷ ጋ ነበር የሚውሉት። የሀዋሳውን ሜዳ እኮ አንድ በአንድ ታውቀዋለች። በዱላዋ መሬቱ ላይ እየሣለች፤ ሳታይ። ውኃው በየት እንደነበር፣ የማን ከብት የት እንደሚውል፣ የዛፎቹን ስም። በሲዳምኛ ነው የምትነግራቸው። አንዱን ከዘለለች እነሱ ያስታውሷታል።»

«እስከ መቼ ድረስ?» አልኳት።

«እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ። ምንም አልረሳችም። ላንቺም ነግራሻለች አይደል?»

«አንድ ቀን» አልኩ። «አንድ ቀን ነግረውኛል።»

ምን እንደሆንኩ ሳታውቅ አልቀረችም፤ ያን ቀን በር ላይ ቆማ ሁሉን አይታለች። እጄን ያዝ አደረገችኝ። ከዚያ ትልቋን ልጇን፣ አሥር ዓመት የሚሆናትን፣ ጠራቻት። በሲዳምኛ አንድ ነገር አለቻት። ልጅቷ እኔን አየችና መልሳ ጠየቀች።

«ምን አለች?» አልኩ።

«‹ማን ናት?› ትለኛለች። ‹የአያትሽ የትምህርት ቤት ጓደኛ ናት› አልኳት።»

ልጅቷ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ጀመረች። በጣቷ አቧራው ላይ አንድ መስመር አሰመረች፤ ሐይቁ ይመስለኛል። ከሱ ፈንጠር አድርጋ ሌላ መስመር፤ ከዚያ ክብ። ፈጥና ነበር የምትናገረው፤ የቦታዎቹን ስም እንደ መዝሙር ነበር የምትደረድረው። የኔ ሲዳምኛ የገበያ ሲዳምኛ ነው፤ ግማሹን እንኳ አልሰማሁም። እናቷ ልትተረጉምልኝ አፏን ስትከፍት እጇን ጨበጥ አድርጌ ከለከልኳት። ልጅቷ እስክትጨርስ ድረስ ዝም ብዬ አዳመጥኳት።